ሽፋን

ዛሬ ስለ ግጥም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ ጥፋትና ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ የእህቴ ልጅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ወደ እህቴ ቤት ጎራ ስል የዐሥራ አምስት ዓመቷ ልጅዋ ሶፋ ላይ ተጋድማ፣ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ያመጣላትን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ እያነበበች ትስቃለች። ሣቋ ውጭ በር ድረስ ይሰማ ነበር። መጽሐፉን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ሽፋኑ ላይ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የለበሰች ልጃገረድ አለች፤ ጀርባው ደግሞ ስለ ሴት ሰላዮች ማሠልጠኛና ስለ አንዲት ሰላይ የመጀመሪያ ፍቅር ያወራል። «ይኼን ነው የምታነቢው? በዚህ ዕድሜሽ ቁም ነገር ብታነቢ ምን አለበት?» አልኳት። «እሺ ጋሼ» አለችና መጽሐፉን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ሣቁም አብሯት ገባ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ በጋዜጣ የተለበደ፣ ላዩ ላይ «ባዮሎጂ» ተብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈበት መጽሐፍ አየሁ። ብገልጠው ያው የሰላዮቹ ልብ ወለድ ነው። በቁጣ ልናገራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የገዛ እህቴን ልጅ በገዛ ቤቷ ሰላይ ያደረግኳት እኔ ነበርኩ።

ሥራዬ በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ ፊርማ ማመሳከር ነው። ፊርማው ካልተመሳከረ ገንዘብ አይወጣም። በዚህ መጽሐፍ ላይ ግን ውስጡን ሳልገልጥ ፈርጄበት ነበር። ስለዚህ ከእሷው ተውሼ በሁለት ሌሊት አነበብኩት።

መጽሐፉ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የአሊ ካርተር ነው። ርእሱ በእኛ ቋንቋ «እወድሃለሁ ብዬ በነገርኩህ ነበር፤ ግን ከዚያ ልገድልህ ግድ ይሆናል» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሲሆን፣ የተከታታዩ 6ኛና የመጨረሻ መጽሐፍ በ2013 ታትሟል። ታሪኩ የሚፈጸመው በቨርጂኒያ ነው። ቨርጂኒያ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን የዘመድ አድራሻ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን ሮዝቪል የምትባል ትንሽ ከተማና በዳርቻዋ ያለ በግንብ የታጠረ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። የከተማው ሰው ጋላገር አካዳሚን የሀብታም ቅምጥል ልጆች መዋያ አድርጎ ያየዋል። ከግንቡ ወዲያ ግን ልጃገረዶቹ ምስጢራዊ ጽሑፍ መፍታት ይማራሉ፣ በማዕድ ላይ በዕለቱ በታዘዘው የባዕድ ቋንቋ ይነጋገራሉ፣ ማስታወሻቸውን ውሃ ሲነካው በሚሟሟ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ።

ባለታሪኳ ካሚ ሞርጋን የርእሰ መምህርቷ ልጅ ናት። የቅጽል ስሟ «እስስት» ነው፤ በሰው መካከል ሆና ሰው አያያትም። በአንድ የመንገድ ላይ ልምምድ መምህሯን ስትከታተል ግን አንድ ተራ የከተማው ልጅ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ፣ ያያታል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሣቅ ነው። ካሚና ጓደኞቿ ልጁ እውነተኛ መሆኑን ለማጣራት የቤቱን ቆሻሻ በሌሊት ሰብስበው እንደ ጠላት ሰነድ አንድ በአንድ ይመረምራሉ። የአንድ ታላቅ መንግሥት የስለላ ጥበብ በሙሉ «ይወደኛል ወይስ አይወደኝም?» ለሚለው ጥያቄ ይውላል።

እኔም ሳቅሁ። ከሣቁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ቀረብኝ። ያቺ ልጅ የምትፈራው ምንድን ነው? እስከ ዛሬ ያዳናት አለመታየቷ ነው። አሁን አንድ ሰው አይቷታል፤ መታየቱንም ወዳዋለች። እሱ የሚያውቃት ግን በፈጠረችው ታሪክ ነው። እውነቱን ብትነግረው ታጣዋለች፤ ካልነገረችው ደግሞ የተወደደችው እሷ አይደለችም። ይህ የሰላይ ጭንቀት ብቻ ነውን? በዐሥራ አምስት ዓመቷ ለእናቷ አንድ ፊት፣ ለመምህሯ አንድ ፊት፣ ለአጎቷ ደግሞ «እሺ ጋሼ» የሚል ሌላ ፊት የምታዘጋጅ ልጅ ሁሉ ይህን ታውቀዋለች። ደራሲዋ ያደረገችው ጭንቀቱን ሣቅ አልብሳ ማቅረብ ነው። በእኛ ቋንቋ የመጽሐፍ ልባስም ሽፋን ነው፤ ሰላይ የሚደበቅበት ታሪክም ሽፋን ነው። እዚህ ሣቁ ራሱ ሽፋን ነው። ከሥሩ ደግሞ ኀዘን አለ፤ የካሚ አባት ሰላይ ነበር፣ ለግዳጅ ወጥቶ አልተመለሰም። በ5ኛው መጽሐፍ ካሚ በአልፕስ ተራሮች ባለ ገዳም ስትነቃ ያለፈው ክረምት ከትውስታዋ ጠፍቶ ይገኛል። ቀልዱ ከአንባቢዋ ዕድሜ ጋር አብሮ ይከብዳል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በልጅነቴ ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ የመለሷቸውን የስለላ ታሪኮች የደብተሬ ሥር እየሸሸግሁ አንብቤአለሁ። የተቆጣኝ ሰው ቢኖር ስለ ፈተናዬ ነው እንጂ መጽሐፉ ቁም ነገር የለውም ያለኝ አልነበረም። ጀምስ ቦንድ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ መኪና ሲያጋጭና ሴት ሲያማልል «ጀብዱ» ተባለለት። የአንቶኒ ሆሮዊትዝ የዐሥራ አራት ዓመት ወንድ ሰላይ፣ አሌክስ ራይደር፣ በ2000 ሲወጣም እንዲሁ። ሰላይዋ ሴት ልጅ ስትሆንና ስትስቅ ግን «ትርኪ ምርኪ» ይባላል። ሚዛኑ ለሁለቱ አንድ አይደለም። እኔም ያን ቀን ሶፋው አጠገብ የቆምኩት ይህንኑ የተዛባ ሚዛን ይዤ ነው።

መጽሐፎቹ እንከን የላቸውም ማለቴ አይደለም። የስለላ ድርጅት በሰው አገር ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚጎዳበት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ መጽሐፎች ብዙም አይጠየቅም። ልጃገረዶቹም ከመጠን በላይ ብልሆች ናቸው። የሉዊዝ ፊትዝሂው «ሰላይዋ ሃሪየት» (1964) በዚህ ትበልጣለች። የዐሥራ አንድ ዓመቷ ሃሪየት ያየችውን ሁሉ በደብተር ትመዘግባለች፤ ደብተሩ በጓደኞቿ እጅ ሲወድቅ ሁሉም ይሸሿታል። ማየት የሚያስከፍለውን ዋጋ የዚያን ያህል አጥብቆ የነገረኝ የሕፃናት መጽሐፍ ጥቂት ነው። ነገር ግን ከአንድ ቅርንጫፍ የበለጠውን ፍሬ ለመምረጥ መጀመሪያ ዛፉን አለመቁረጥ ያስፈልጋል። ሣቋን የተቀማች አንባቢ ነገ ወደ ታላላቆቹ መጻሕፍት ትሻገራለች ብዬ አላምንም። የምትማረው አንድ ነገር ቢኖር ንባብ ከትልቅ ሰው ዐይን የሚሸሸግ ነገር መሆኑን ነው።

«ቁም ነገር» የምንለው ቃል ራሱ ያሳስበኛል። እኛ ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ቁም ነገርን ከፊት መኮሳተር ጋር አጋብተነዋል። ሲያስለቅስ «ጥልቅ» እንላለን፤ ሲያስቅ «ቀላል»። ግጥም የሚሞክር ሰው ግን ያውቀዋል፤ አንባቢን ማሳዘን ብዙ ጊዜ አንድ የሞት ዜና ይበቃዋል፣ በትክክለኛው ቦታ ማሳቅ ግን ቃል በቃል መመጠን ይጠይቃል።

መጽሐፉን ስመልስላት ሁለተኛውን እንድታውሰኝ ጠየቅኋት። እንደ ሠለጠነ ሰላይ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«ግን ጋሼ፣ ሳትስቅ ማንበብ አይቻልም» አለችና ሰጠችኝ።

እሱም በጋዜጣ የተለበደ ነው። ላዩ ላይ «ኬሚስትሪ» ይላል። ልባሱን ልገፈው እጄ ሄዶ ነበር፤ ተውኩት። የለበደችው እሷ ናት፤ የሚገፈፍበትን ቀን የምታውቀውም እሷ ናት። እስከዚያው በምሳ ሰዓት ከመስኮቴ ጀርባ ኬሚስትሪ እያነበብኩ ስስቅ የሚያዩኝ ባልደረቦቼ ያሉኝን ይበሉ።