የጄኔራሉ ሹመት፣ የደጃዝማቹ ራስ

ከፋሺስት ጄኔራሎች አንዱን ጥሩ ብንባል አብዛኞቻችን የምንጠራው አንድ ስም ነው፤ ግራዚያኒ። የካቲት 12 በመጣ ቁጥር ስድስት ኪሎ አበባ ይቀመጣል፣ ሰውዬው ይረገማል፣ ወደየቤታችን እንበተናለን። አሌሳንድሮ ፒርዚዮ ቢሮሊ ቢባልስ ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ቢሮሊ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የኤርትራ አስካሪዎችን ጦር ይዞ የተዋጋ ጄኔራል ነው። ከዚያ ጎንደር ተቀምጦ ጣሊያኖች «አማራ» ብለው የሰየሙትን ግዛት ገዛ። ላስታም በእጁ ገባች።

ላስታ ግን ዝም ብላ አልተገዛችም። በ1929 ዓ.ም. መጨረሻ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ሕዝቡን አስነስተው ሸፈቱ። መስከረም 1930 ተገደሉ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኮረም ገበያ ላይ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። አገሬው አይቶ እንዲፈራ ነበር። አልፈራም። አመጹ በጌምድርንና ጎጃምን አዳረሰ፤ ቢሮሊም በጥቂት ወራት ውስጥ ከገዥነቱ ተነሳ።

ተነሳ እንጂ ተጠየቀ አላልንም! በ1934 ዓ.ም. የሞንቴኔግሮ ገዥ ሆኖ እናገኘዋለን። እዚያም ለአንድ የተገደለ ጣሊያን ሃምሳ ሰላማዊ ሰው ይገደል ብሎ አዘዘ። ላስታ ላይ ለተሠራው የጠየቀው ቢኖር ኖሮ ያን ሹመት ያገኝ ነበር? እኛ አይመስለንም።

በ1940 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ካቀረበቻቸው አሥር ጣሊያኖች አንዱ እሱ ነበር። ከአሥሩ አንድም ሰው እዚህ ለሠራው ፍርድ ቤት አልቆመም። ግራዚያኒ እንኳ አገሩ ላይ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው። ቢሮሊ በ1954 ዓ.ም. ሮም ውስጥ አርጅቶ ሞተ።

«ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል?» የሚሉን አይጠፉም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ግን ወጊውም ተወጊውም የረሱ ይመስላል። ለገና ላሊበላ የሚወርደው ወጣት ስለ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይጠይቃል፤ ደግ ያደርጋል። እግረ መንገዱን «ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ማን ነበሩ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይጎዳዋል? የአገሩ ሽማግሌ የሚነግረው አያጣም።

ዳኛ ቀርቶብናል። ስማቸውም ከጠፋ ግን ጣሊያንን መውቀስ አንችልም።