መብራት ሲጠፋ የሚቀረው

መቼም መብራት መጥፋት ለአዲስ አበባ ሰው ወሬ አይሆንም። ባለፈው ግን ለእኛ ወሬ ሆነ። ከጓደኞቻችን ጋር አንድ አዳራሽ ገብተን ቪዲዮ የተቀላቀለበት ቲያትር እያየን ነበር። ተዋናይቷ ከኋላዋ በተወጠረው ነጭ ሸራ ላይ ከሚታየው፣ ቀድሞ ከተቀረጸው ባሏ ጋር ትጨቃጨቃለች። ድንገት መብራቱ ድርግም! ባልየው ቃሉን በአፉ እንደያዘ ጠፋ። እሷ ግን በጨለማው ውስጥ ትንሽ ዝም አለችና «ድሮም ነገር ሲጠና መጥፋት ታውቅበታለህ» ብላ ቀጠለች። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። የከፈልንበትን ያገኘነው ያኔ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህ ጥበብ ትናንት የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። የቼኮዝሎቫኪያዎቹ አልፍሬድ ራዶክና ዮሴፍ ስቮቦዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ብራስልስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ «ላተርና ማጊካ» የተባለውን ትርኢት አሳዩ። አስተዋዋቂዋ መድረክ ላይ በአካል ቆማ፣ ፊልም ላይ ካለችው ከራሷ ጋር ታወራለች። ተመልካቹ ጉድ አለ፤ መንግሥታቸውም ኮራ።

ኩራቱ ግን አልቆየም። በ1960 ራዶክ ያዘጋጀው አዲስ ሥራ ታገደ፤ እሱም ከላተርና ማጊካ ተባረረ። በ1968 የዋርሶ ስምምነት ጦር አገሩን ሲወር ተሰደደ፤ በ1976 ቪየና ውስጥ ሞተ። ሰውየው ሄደ፣ ፕሮጀክተሩ ቀረ።

የእኛም ክርክር እዚህ ላይ ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ነገር ገብቶናል፤ ተቀርጾ የመጣን ነገር መቀስ ያገኘዋል። አለቃ ያያል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። በቀጥታ የሚናገር ሰው ግን አፉን እስኪከፍት ድረስ ምን እንደሚል አይታወቅም። የሚፈራውም፣ የሚወደደውም ለዚሁ ነው።

ቪዲዮውን አንጠላም። የምንጠላው ሸራው ላይ ፏፏቴና ፎቅ እየደረደሩ ተዋናዩን ከምስሉ ሰከንድ ጋር ማሯሯጥን ነው። እንዲያ ሲሆን ተዋናዩ የምስሉ ሎሌ ይሆናል፤ ቢሳሳት መመለሻ፣ ቀልድ ቢመጣለት መተንፈሻ የለውም። ተቀርጾ የተቀመጠው ነገር ለሕያው ሰው ቦታ ካልተወለት ቤታችን ቁጭ ብለን ፊልም ብናይ ምን ጎደለን?

በኅዳር 1989 የፕራግ ኮሙኒስት መንግሥት ሲንገዳገድ፣ ቫስላቭ ሃቬልና ጓደኞቹ የሚመሩት ሲቪክ ፎረም የላተርና ማጊካን ቲያትር ቤት ማዘዣው አደረገው። ጋዜጠኛው በየምሽቱ ወደዚያ ይጎርፍ የነበረው ለምስል አልነበረም፤ የሚጠየቅና የሚመልስ ሰው ስለነበረ ነው።

አዘጋጆቻችን ሆይ፣ ፕሮጀክተር ግዙ፤ አንቃወምም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁልን፦ መብራት ሲጠፋ መድረኩ ላይ ምን ይቀራል?