ልምምድ ወጥቶ መቀመጥ ይቅር!

በፉሪ ትምህርት ቤቶች ለማስተማር ልምምድ የምንወጣ ዕጩ መምህራን፣ እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። «ተቆጣጣሪ ሲመጣ ክፍል፣ ሲሄድ ሻይ ቤት» የሚባልልን በከንቱ ነው? ክፍለ ጊዜ ባይኖረንም ሥራ ሞልቷል። ደብተር እናርም፤ ማንበብ ያቃተውን ልጅ ለብቻው ይዘን ፊደል እናስቆጥር። ከሰበታ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው ሐዲድ በፉሪ ያልፋል፤ ርቀትና ጊዜን ለማስላት ከዚህ የተሻለ መርጃ ከየት ይመጣል?

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው፣ አብዛኞቹ አስተምረዋል። እኛ በታክሲ ደርሰን መመለስ ከበደን እንዴ?

ማርክ የሰጠን መምህር ይረሳን ይሆናል፤ ፊደል ያስቆጠርነው ልጅ ግን አይረሳንም። ሥራ እስኪሰጠን አንጠብቅ!