ጉልበት፣ ክብደትና የወንዛዬ ፍል ውኃ

ደቡብ ጎንደር ዘመድ ካለዎት የወንዛዬን ፍል ውኃ ሳይሰሙ አልቀሩም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ስንቅ ቋጥረው ይወርዱና ለቀናት ይነከራሉ። ሙቅ ውኃ በእርግጥም ሕመም ያስታግሳል። በአጥንቶቹ መካከል ያለቀውን ልስልስ ሽፋን ግን አይመልስም። ያኔ ሐኪሙ፣ «ጉልበትዎ መቀየር አለበት፤ መጀመሪያ ግን ክብደት ይቀንሱ» ሊልዎት ይችላል። ይህን ሲሰሙ በሩ የተዘጋ አይምሰልዎ።

በቀዶ ሕክምናው የተበላው የአጥንት ጫፍ ተነሥቶ በብረትና በጠንካራ ፕላስቲክ ይተካል። ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችም ሕመማቸው የሚቀለውና እርምጃቸው የሚሻሻለው ከሌላው ታካሚ ብዙም ሳያንስ ነው። ልዩነቱ አደጋው ላይ ነው። ስብ የበዛበት ሥጋ የደም ዝውውሩ አነስተኛ ስለሆነ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ስኳር በሽታ ከታከለበት ደግሞ ይብሳል። ኢንፌክሽን ብረቱ ጋ ከደረሰ መድኃኒት ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ጉልበቱ እንደገና ተከፍቶ ይታጠባል፣ አንዳንዴም ብረቱ ይወጣል።

ብዙ ሐኪሞች ቆም የሚሉት የክብደት ልኬቱ 40 ሲደርስ ነው። ልኬቱ የሚገኘው ኪሎዎን ለቁመትዎ በሜትር፣ ውጤቱን ደግሞ እንደገና ለቁመትዎ በማካፈል ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 105 ኪሎ የሆነ ሴት ልኬቷ 41 ነው። 5 ኪሎ ብትቀንስ ወደ 39 ትወርዳለች። አንድ ኪሎ ሲቀንስ ጉልበት በየእርምጃው 4 ኪሎ ያህል ሸክም ስለሚቀልለት፣ 5 ኪሎው ለጉልበቷ 20 ኪሎ ነው።

ለመቀነስ ብለው ግን ራስዎን አያስርቡ፤ ቁስል የሚጠግነው ፕሮቲን ነው። በጾም ወራት ዳቦና ድንች ላይ ከመበርታት ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን ያብዙ፤ ዘይቱንና ስኳሩን ይቀንሱ። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ አድርገው እየዘረጉ የጭንዎን ጡንቻ ያጠንክሩ። የደም ስኳርዎን ይለኩ፤ የታመመ ጥርስ ወይም የእግር ቁስል ካለ አስቀድመው ይታከሙ።

ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ተሠርቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚመለሱ ከሆነ፣ ከመነሣትዎ በፊት ክትትሉን የት እንደሚያደርጉ ይጠይቁ። ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ባትዎ አብጦ ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ፋርማሲ ሄደው መድኃኒት አይግዙ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ። ያበጠ ባትና የትንፋሽ ማጠር የደም መርጋት ምልክት ሊሆን ይችላል።

በአዲሱ ጉልበት ተንበርክኮ መስገድ ለብዙዎች ስለሚከብድ ለንስሐ አባትዎ ቀድመው ይንገሩ። ቁስሉ ሳይደርቅ ደግሞ ፍል ውኃ ውስጥ አይግቡ፤ ኢንፌክሽን በዚያ በኩል ሊገባ ይችላል። ወንዛዬ የትም አይሄድም፤ ሐኪምዎ ሲፈቅድልዎ ይወርዳሉ።