ስለ ጀመዓችን ዲቪዲ ድራይቭና ስለ መዋጮ ገንዘባችን



የጀመዓችን ኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ ከተበላሸ ሰነባብቷል። ሲዲ ስናስገባለት ሁለት ሦስቴ ያሽከረክርና ይተፋዋል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ባለፈው ሹራ ግን ከመግሪብ እስከ ዒሻ አከራክሮናል። ግማሾቹ «በዚህ ዘመን ሲዲ ማን ያያል? ከነካርቶኑ ይጣል» አሉ። ሌሎቹ «ሁሉም አባል አዋጥቶ አዲስ ላፕቶፕ ይገዛ» አሉ። እኛ በሁለቱም አንስማማም፤ ምክንያታችንን እነሆ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ብዙዎቻችን አናውቅም። ከእኛ በፊት የተመረቁ ወንድሞችና እህቶች በየአገራቸው ሄደው የቀዷቸው የሸሆች ደርሶችና መንዙማዎች ናቸው። ወሎ የነዳና፣ የነጀማ ንጉሥ አገር ነው፤ ዒልሙ ከኪታቡ ባሻገር ከሸህ አፍ ወደ ደረሳ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረበት አገር። ድምፃቸው ከተቀዳው ሸሆች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሌላ ቅጂ እንዳለም አናውቅም። ይህን መጣል የተሰጠንን አማና መብላት ነው።

ደግሞም ጊዜ የለንም። በኮምፒውተር የተቀዳ ሲዲ ድምፁን የሚይዘው በስስ የቀለም ሽፋን ላይ ነው፤ ፀሐይ፣ ሙቀትና ጭረት ያበላሹታል። ድራይቩ ተሠርቶ ሲዲው ቢያልፍበት ምን ይጠቅመናል?

ላፕቶፕ ይገዛ ለሚሉት ደግሞ፦ የዛሬዎቹ አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲቪዲ ድራይቭ የላቸውም። ያን ሁሉ ብር ካወጣን በኋላም ሲዲዎቹ ሳይነበቡ ይቀራሉ! የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከቤቱ ምንም የማይላክለት ወንድማችን አንዷም ሎሚ ትከብደዋለች፤ ለመናገርም ያፍራል። ያለ አቅም መግዛትም እንደ መጣል ሁሉ ኢስራፍ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሚቀለው እንጀምር።

አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ይከፈትና የድራይቩ ሁለት ገመዶች ወጥተው እንደገና ይሰኩ። ዕቃ ሲጓጓዝ ገመድ ይላላል። ከዚያ ፋብሪካ ያተመው ሲዲ ይሞከር፤ እሱን አንብቦ በኮምፒውተር የተቀዳውን እምቢ ካለ፣ ሌንሱ አቧራ ይዞ ወይም ደክሞ ሊሆን ይችላል። አቧራ ከሆነ በጥንቃቄ በማጽዳት ሊድን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ካልሆነ እንዋስ። እኛን የቸገረን ሲዲዎቹን አንድ ጊዜ መገልበጥ ነው፤ ለዚህ የጥቂት ቀን ውሰት ይበቃል። የተዋስነውንም በሰዓቱ እንመልስ።

ሦስተኛ፣ ከተጣለ ዴስክቶፕ ላይ ድራይቭ ፈትቶ መግጠም ይቻላል። የዴስክቶፕ ድራይቭ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ልዩነቱ መሰኪያው ላይ ነው። ሳታ የሚባለው ቀጭን ገመድ ያለው ከሳታ ጋር ብቻ ይገጥማል፤ ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ ያለው የድሮው ዓይነት አይሆነንም።

መግዛት የመጨረሻው ነው። ከተገዛም በዩኤስቢ የሚሰካው የውጭ ድራይቭ ይሁን፤ ከማንኛችንም ላፕቶፕ ጋር ይሠራልና ነገ ኮምፒውተሩ ቢሞት እሱ አይሞትም። ያገለገለ ከሆነ የራሳችንን ሲዲ ይዘን ሄደን፣ ሱቁ ውስጥ ሳናስነብብ ብር አንክፈል። ደረሰኙም በጀመዓው መዝገብ ይያያዝ።

አንድ ሲዲ 700 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 40 ሲዲ ሙሉ ቢሆን እንኳ 28 ጊጋባይት ነው፤ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል። ቅጂው ግን በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ ፍላሽም ይጠፋልና።

ከላሊበላ የመጣ ወንድማችን ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ስላለው ነአኩቶ ለአብ ያጫወተንን እናስታውሳለን። እዚያ ዋሻ ውስጥ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ከሥሩ በተደረደሩ የድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀማል። ጎረቤቶቻችን ጠብታዋን መሬት እንዳትወድቅ ዘመናት ጠብቀዋታል። እኛ የሸሆቻችንን ድምፅ ለአንድ ካርቶን ትተን እንዴት እንተኛለን?

ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ከዐስር በኋላ እንገናኝ። ላፕቶፕ ያለው ላፕቶፑን፣ ፍላሽ ያለው ፍላሹን ይዞ ይምጣ። ምንም የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይምጣ፤ የየሲዲውን ርዕስና የሸሁን ስም የሚጽፍ እጅ ያስፈልገናል። የሚተርፈው የመዋጮ ገንዘብ ደግሞ የመውጫ ፈተና ማንበቢያ ኮፒ ማድረጊያ ላጡ ተመራቂዎቻችን ይዋል እንላለን።