በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2008 የላስ ቬጋስ አካባቢ የጤና መሥሪያ ቤት 40 ሺህ ያህል ሰዎች የደም ምርመራ እንዲያደርጉ ጥሪ አቀረበ። በከተማዋ በነበረ አንድ የአንጀት መመርመሪያ ክሊኒክ፣ ለአንድ ታካሚ ማደንዘዣ የተሰጠበት ሲሪንጅ ተመልሶ ወደ ብልቃጡ ይገባ፣ በብልቃጡ የተረፈውም መድኃኒት ለሌላው ይሰጥ ነበር። በዚህ ሳቢያ ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላለፈ። ፈውስ ፍለጋ የሄደው ሰው በሽታ ይዞ ተመለሰ። የክሊኒኩ ባለቤት የነበረው ሐኪምም በ2013 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ይህን የማነሣው አሜሪካን ለማወደስ አይደለም። ስስትና ንዝህላልነት እዚህም ሞልቷል። ልዩነቱ ሌላ ነው። በደሉ የተጋለጠው፣ በበሽታው የተያዙትን አንድ በአንድ የሚቆጥርና የቆጠረውን ለሕዝብ የሚናገር መሥሪያ ቤት ስለነበረ ነው። በ2010 ደግሞ ላስ ቬጋስ ሰን የተባለው ጋዜጣ የሆስፒታሎችን መዝገብ መርምሮ፣ በታካሚዎች ላይ የደረሰውን ጉዳትና ኢንፌክሽን ሆስፒታሎቹን በስም እየጠራ አወጣው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2016 በታተመ አንድ ጥናት፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በአማራ ክልል ሁለት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ተኝተው የሚታከሙ 908 ሕሙማንን መርምረው፣ 135ቱ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ኢንፌክሽን እንደያዛቸው አረጋገጡ። ይህም ከመቶው 15 ያህሉ መሆኑ ነው። በ2011 በአሜሪካ ሆስፒታሎች በተደረገው ተመሳሳይ ቆጠራ የተገኘው ከመቶ 4 ነበር።

አቆጣጠሩ ውድ መሣሪያ የግድ የሚጠይቅ አይደለም። የሠለጠኑ ባለሙያዎች በተወሰነ ቀን ከክፍል ክፍል እየዞሩ፣ ሲገባ ያልነበረበት ኢንፌክሽን ከ48 ሰዓት በኋላ የታየበትን ሕመምተኛ ይመዘግባሉ፤ ቁጥሩንም ለተኙት ሁሉ ያካፍላሉ። የሚጠይቀው እውነትን የመስማት ድፍረት ነው።

የጠፋውም ይኸው ድፍረት ነው። የኢሕአዴግ አገዛዝ ኮሌራን በስሙ ላለመጥራት «አተት» የሚል ስም ይዞ ዓመታት መቆየቱን የሚረሳ የለም። ስሙ የተሸሸገ በሽታ ግን መግደሉን አልተወም። ዛሬም ሹማምንት ለአዲስ ሕንፃ ሪባን ሲቆርጡ እናያለን፤ በሕንፃው ውስጥ በቀዶ ጥገና ከወለዱት እናቶች ስንቱ ቁስላቸው እንዳመረቀዘ ሲነግሩን ግን አንሰማም። ችግሩን ደፍሮ የሚቆጥረው ሐኪምና ነርስ ሊመሰገን እንጂ ሊሸማቀቅ አይገባውም፤ ውኃ በሌለበት ክፍል እጁን አልታጠበም ተብሎ ሊወቀስ የሚገባውም እርሱ አይደለም።

እኛም በስደት ያለን ወገኖች ራሳችንን እንመርምር። ጓንትና አልጋ በኮንቴይነር ጭነን ስንልክ ፎቶግራፍ ተቀብለን ዝም እንላለን። ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ አብረን እንላክ፦ «በዚህ ዓመት ከመቶ ሕሙማን ስንቱ በሆስፒታላችሁ ውስጥ ኢንፌክሽን ያዘው?» መልሱም ለአስታማሚው በሚገባው ቋንቋ በየሆስፒታሉ በር ይለጠፍ። ከፍተኛ ቁጥር የሚያሳፍረው የደበቀውን ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን። ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!