«ጢሱንማ ለምደነዋል»

ግንቦት 30 ቀን 2015 ዓ.ም. የኒውዮርክ ሰማይ ብርቱካን መሰለ። እሳቱ ከተማይቱን አልነካም፤ የሚነደው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ካናዳ ውስጥ በኩቤክ ጫካ ነበር። ጢሱን ግን ነፋስ ይዞት መጣ። የአየር ብክለት መለኪያው ከ400 በላይ ዘለቀ፤ ከ300 ያለፈው ሁሉ «አደገኛ» የሚባል ነው። በረራ ተስተጓጎለ፣ የቤዝቦል ጨዋታ ተላለፈ፣ ሕዝቡም ከቤት አትውጡ ተባለ።

ይህን የሰሙ ወዳጆቼ ታዲያ ምን አሉ? «አይ ፈረንጅ! ለጥቂት ቀን ጢስ ይህ ሁሉ ግርግር? እኛማ ለምደነዋል።»

እኔን የምታንገበግበኝ ይህች «ለምደነዋል» የምትባል ቃል ናት። ለመሆኑ ምናችን ነው የለመደው? ዓይን እንባውን ያደርቅ ይሆናል፤ አፍንጫም ይደነዝዛል። ሳንባ ግን አይለምድም። በጢሱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ የጠጉርን ውፍረት አንድ ሃያኛ እንኳ አይሞላም፤ ሳንባን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ልብንም ይጎዳል። የኩቤክ ጥድ ነደደ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ ለሳንባ ያው ነው። እንዲያውም የእነርሱ ጢስ በቀናት አለፈ፤ የእኛው በየማለዳው ከየማድ ቤቱና ከየቆሻሻው ክምር ይነሣል፤ በዚያ ላይ የአሮጌ መኪናው አለ። (ምጣድ ሥር ተጎንብሳ የምትጋግረዋን «ለምደሽዋል ወይ?» ብሎ የጠየቃት አለ?) የዓለም የጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የአዲስ አበባው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

«ድኻው ማገዶ ባያነድ ምን ይብላ?» ትሉኝ ይሆናል። እርሱን መች ወቀስሁ! የምወቅሰው ዝምታውን ነው። የኒውዮርክ ሰው ከቤቱ የዋለው ከእኛ ይልቅ ፈሪ ስለ ሆነ አይደለም፤ ቁጥሩ ስለ ተነገረው ነው። የአዲስ አበባን አየር ለዓመታት እየለካ ለሕዝብ ይገልጥ ከነበረው አንዱ የአሜሪካ ኤምባሲ መሣሪያ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አሜሪካኖቹ የበጀት ችግር ብለው በየአገሩ ያሉ ኤምባሲዎቻቸው የሚለኩትን ማሰራጨት አቆሙ። ማን ጮኸ? የገዛ ሳንባችንን ወሬ ከሰው ደጅ ስንለቅም ኖረን፣ ደጁ ሲዘጋ እንኳ ልብ አላልንም።

ሬዲዮው የምንዛሪውን ዋጋ ይነግረናል፤ የነገውን ዝናብም ይነግረናል። የጢሱንም ቁጥር ይጨምርበት። አስም ያለበት ልጅ ያላት እናት ጠዋት ልጇን ከመላኳ በፊት ልትሰማው ይገባል።